የፊት ቅባት ከመግዛትዎ በፊት፦ ቆዳን ለይቶ የመምረጥ ዝርዝር መመሪያ

በመድኃኒት ቤት ወይም በኮስሞቲክስ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ «ፊት የሚያጠራ ነገር ይስጡኝ» የሚል ሰው ገና ገንዘቡን ሳይከፍል ተሳስቷል። ሻጩ የገዢው ቆዳ ወዛም ይሁን ደረቅ፣ ፊቱ ላይ ያለው ጥቁረት የብጉር ጠባሳ ይሁን ማድያት አያውቅም፤ ገዢውም ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ስለዚህ የሚሸጠው ሰሞኑን ብዙ ሰው የጠየቀው ቅባት ይሆናል። ታናሽ እኅቴ ለጥር ሠርጓ አንድ ወር ሲቀራት ከጓደኞቿ የሰማቻቸውን ሦስት ቅባቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ጀመረች። በአሥረኛው ቀን ጉንጮቿ ተላጡ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደጎዳት ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው እንዲህ ያለው ጉዳት እንዳይደገም ነው። ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢያንስ ሦስት ወር ተኩል ያህል ይወስዳል። ለጥር ሠርግ ወይም ለጥምቀት ፊትዎን ማስተካከል ከፈለጉ መስከረም ሳያልቅ ይጀምሩ። ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ምንም አዲስ ነገር ፊትዎ ላይ አይሞክሩ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

ንጹሕ ሶፍት፣ መስታወት፣ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ ያዘጋጁ። ፎቶውን ሁልጊዜ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ በቀን ብርሃን ያንሡ፤ በአምፖል ብርሃን የተነሣ ፎቶ ጥቁረቱ መቀነሱን ወይም መጨመሩን በትክክል አያሳይም። ፊትዎ ላይ አሁን የሚቀቡትን ሁሉ፣ የፀጉር ቅባትዎን ጨምሮ፣ አንድ ቦታ ሰብስበው ስማቸውን በደብተሩ ላይ ይጻፉ። ሐኪም ዘንድ መሄድ ካስፈለገዎት ይህ ዝርዝር ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥ ይጠቅማል።

ያለዎት ገንዘብ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጡትን አሁኑኑ ይወስኑ። በመጀመሪያ የፀሐይ መከላከያ፣ ቀጥሎ ማለስለሻ ቅባት፣ ከዚያ ማጠቢያ ይገዛል። ሴረም የሚባለው ስስ የማከሚያ ፈሳሽና ቶነር የሚባለው ከታጠቡ በኋላ የሚቀባ ውኃ መሰል ፈሳሽ የሚታሰቡት ሦስቱ ከተሟሉ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ፊትዎን ለሁለት ሳምንት ያሳርፉ

ቆዳዎ በብዙ ነገር ተበሳጭቶ ሳለ ዓይነቱን መለየት አይቻልም። በሳሙና ብዛት የደረቀ ወዛም ቆዳ ደረቅ መስሎ ይታያል፤ ቅባት የበዛበት ደረቅ ቆዳ ደግሞ ወዛም ይመስላል። ስለዚህ ለ14 ቀናት ሎሚ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እርድ፣ መፈግፈጊያ ስክራብና የሚያነጣ ቅባት ሁሉ ያቁሙ። ጠዋት በለብ ያለ ውኃ ብቻ፣ ማታ ደግሞ ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጠቢያ ይታጠቡ። ከደረቀብዎ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ።

ሎሚን በተለይ ይጠንቀቁ። የሎሚ ጭማቂ ያረፈበት ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊቃጠል፣ ውኃ ሊቋጥርና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ጥቁረትን ለማጥፋት ሎሚ የሚቀቡ ሰዎች አዲስ ጥቁረት የሚያመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ደረጃ የማይመለከታቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። እንዲሁም የሚያነጣ ክሬም ከጥቂት ሳምንታት በላይ ሲቀቡ ከቆዩና አንድ ቀን ሲዘሉ ፊትዎ የሚያቃጥልዎትና የሚያሳክክዎት ከሆነ፣ ክሬሙ ስቴሮይድ የተባለ የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ ብርቱ መድኃኒት ሊኖረው ስለሚችል ከማቆምዎ በፊት የቆዳ ሐኪም ያነጋግሩ፤ ምክንያቱን በደረጃ 5 ያገኙታል።

ደረጃ 2፦ የቆዳዎን ዓይነት ይለዩ

ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ ፊትዎን በለስላሳ ማጠቢያ ታጥበው በንጹሕ ፎጣ ሳይፈትጉ ያድርቁ፤ ምንም ሳይቀቡ አንድ ሰዓት ይቀመጡ። በዚህ ሰዓት ምጣድ አጠገብ፣ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ አይሁኑ። ሰዓቱ ሲሞላ ሶፍቱን በግንባር፣ በአፍንጫ፣ በአገጭና በሁለቱ ጉንጮች ላይ በየተራ ጫን አድርገው ይዩት።

በሁሉም ቦታ ወዝ ከታየ ቆዳዎ ወዛም ነው። ወዙ በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ላይ ብቻ ታይቶ ጉንጭ ላይ ከሌለ ድብልቅ ነው። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ፊትዎ ውጥር ብሎ የሚይዝዎት ወይም ነጭ ቅርፊት የሚያወጣ ከሆነ ደረቅ ነው። ወዝም ውጥረትም ከሌለ ቆዳዎ ደኅና ነውና በላዩ ላይ ብዙ ነገር አይደርቡ።

በቀላሉ የሚቆጣ ቆዳ የሚለየው ግን በሶፍት አይደለም። አዲስ ሳሙና፣ ሽቶ ወይም ላብ ሲነካው የሚያቃጥል ወይም የሚያሳክክ ከሆነ፣ ወዛምም ሆነ ደረቅ ቢሆን፣ ቁጡ ቆዳ ብለው ይመዝግቡት። አብዛኛው ጽሑፍ «መቅላት» የሚለው ምልክት በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ይሆናል። ስለዚህ በዓይንዎ ከሚያዩት ይልቅ ማቃጠሉን፣ ማሳከኩንና ሙቀቱን ይመኑ።

ምርመራው ካልተሳካ፣ ማለትም ዛሬና ነገ የተለያየ ውጤት ከሰጠዎት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ይድገሙት። የከተማችን የጎንደር አየር በጥርና በየካቲት በጣም ደረቅ ነው፤ በሐምሌ ደግሞ እርጥብ ነው። በክረምት ወዛም የነበረ ቆዳ በበጋ ድብልቅ ሊሆን ስለሚችል ምርመራውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያድርጉት።

ደረጃ 3፦ ቅባት የማይፈታውን ችግር አስቀድመው ይለዩ

በዚህ ደረጃ የሚፈጸም ስሕተት ገንዘብ ከማባከን አልፎ ጤና ይጎዳል። ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎ ምንም ቅባት አይግዙ፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ፊት ላይ የወጣ፣ ብዙ የማያምም፣ ቀስ እያለ የሚሰፋ፣ ሳምንታት አልፈውት የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ቁንጭር በደጋማው የአገራችን ክፍል በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሌሽማንያሲስ የተባለ የቆዳ በሽታ ነው። ብጉር ነው ተብሎ ሲፈርጥና ክሬም ሲቀባ ጊዜ ያልፋል፣ ጠባሳውም ይብሳል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የምርምርና የሕክምና ማዕከል ስላለው የከተማችን ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ቀለሙ የደበዘዘና ሲነኩት ስሜት የሌለው ቦታ ካለ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልጋል፤ በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት ሙሉ በሙሉ ይድናል። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለና የሚያሳክክ ምልክት ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ጭርት ላይ ስቴሮይድ ከተቀባ ለጊዜው የጠፋ መስሎ ይሰፋል፣ መልኩም ስለሚቀየር ለሐኪሙ ጭምር ለመለየት ያስቸግራል። ከአፍንጫ ግራና ቀኝና ከቅንድብ ላይ የሚነሣ ቅርፊት፣ በተለይ ጭንቅላት ላይ ፎሮፎር ካለ፣ ብዙ ሰው ድርቀት መስሎት ቅቤ ወይም ዘይት ይቀባዋል። ለዚህ ችግር አስተዋጽኦ የሚያደርገው እርሾ መሰል ፈንገስ የሚመገበው ቅባትን ስለሆነ በዘይት ይባባሳል እንጂ አይድንም፤ ኬቶኮናዞል 2% ያለው ሻምፖ ወይም ክሬም ስለመጠቀም የመድኃኒት ባለሙያ ይጠይቁ።

የቀረውን ችግር እንደሚከተለው ይሰይሙ። ጫፉ ጥቁር ወይም ነጭ የሆነ፣ ወይም የሚያብጥ ነጠብጣብ ብጉር ነው። ብጉር በነበረበት ቦታ ላይ የቀረ ጠፍጣፋ ጥቁረት የብጉር ጥላ ነው። በሁለቱ ጉንጮች፣ በግንባር ወይም ከላይኛው ከንፈር በላይ ግራና ቀኙ ተመሳስሎ የተዘረጋ ቡናማ ጥቁረት ማድያት ነው፤ በእርግዝና ጊዜና የእርግዝና መከላከያ ክኒን በሚወስዱ ሴቶች ላይ ይበዛል። ብጉሩ በግንባርዎ ላይ በፀጉርዎ መስመር ብቻ ከሆነ ደግሞ የፊት ቅባት ከመፈለግዎ በፊት ፀጉርዎን ይጠርጥሩ። ቅቤ ወይም የሹሩባ ቅባት ወደ ግንባር ወርዶ የቆዳን ቀዳዳ ይደፍናል። ቅቤ ሲቀቡ ከፀጉር መስመር ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይጀምሩ፣ ግንባርዎን ማታውኑ ይጠቡ፣ የትራስ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ ብዙዎች በዚህ ብቻ ይድናሉ።

ደረጃ 4፦ ሦስቱን መሠረታዊ ነገሮች ይምረጡ

ማጠቢያ። የጤናማ ቆዳ የአሲድነት ልክ ፒኤች 5 አካባቢ ሲሆን የተለመደ የገላ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። የልብስ ሳሙናማ ፈጽሞ ለፊት አይሆንም። ለወዛም ቆዳ አረፋ ያለው ጄል፣ ለደረቅና ለቁጡ ቆዳ አረፋ የማያበዛ፣ ክሬም መሰልና ሽታ የሌለው ማጠቢያ ይምረጡ። ትክክለኛ ማጠቢያ ከታጠቡበት በኋላ ፊትዎ «ጭርር» ብሎ አይጸዳም፤ ያ ስሜት ቆዳው የራሱን መከላከያ ወዝ ማጣቱን ያሳያል። በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ አይታጠቡ።

ማለስለሻ ቅባት። ወዛም ቆዳ ያለው ሰው ማለስለሻ አያስፈልገኝም ብሎ ይተወዋል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ የብጉር ማከሚያ ሲጀምር ያለ ማለስለሻ አይችለውም። ለወዛም ቆዳ በእንግሊዝኛ «ኖን ኮሜዶጀኒክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ማለትም ቀዳዳ የማይደፍን፣ ጄል ወይም ቀላል ሎሽን ይበቃል። ለደረቅ ቆዳ ግሊሰሪን፣ ሃያሉሮኒክ አሲድና ሴራማይድ ያለው ወፍራም ክሬም ይፈልጉ። ድብልቅ ቆዳ ያለው ሰው ሁለት ቅባት መግዛት የለበትም፤ ቀላሉን ሎሽን በሙሉ ፊቱ ላይ ቀብቶ ጉንጩን ይድገመው።

የሚቀቡት ከታጠቡ በኋላ ባሉት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ይሁን። ግሊሰሪን ብቻውን ሳይበረዝ በደረቅ ፊት ላይ መቀባት በበጋ አይመከርም፤ ግሊሰሪን ውኃ የሚስብ ስለሆነ አየሩ ደረቅ ሲሆን ከቆዳው ከራሱ ይስባል። ያለዎት እሱ ብቻ ከሆነ በእርጥብ ፊት ላይ ጥቂት ቀብተው ከላዩ ቫዝሊን በስሱ ይደርቡበት።

የፀሐይ መከላከያ፣ ማለትም ሰንስክሪን። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ቀዝቃዛ ነፋስ እየነፈሰ እንኳ ጨረሩ ብርቱ ነው፤ ብርድ ስለተሰማን ፀሐዩ አይጎዳም ማለት አይደለም። በደመናማ ቀንም ጨረሩ ያልፋል። ማድያት ወይም የብጉር ጥላ ያለበት ሰው ይህን ዕቃ ካልተጠቀመ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ማታ የቀባው ያነሣውን ጥቁረት ቀን ፀሐዩ ይመልሰዋል።

ኤስፒኤፍ፣ ማለትም የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነና «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል ጽሑፍ ያለው፣ ማለትም ሁለቱንም ዓይነት የአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል ይግዙ። ኤስፒኤፍ 30 ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን፣ ኤስፒኤፍ 50 ደግሞ 98 በመቶውን ይከለክላልና ለ100 ብለው ብዙ ገንዘብ አያውጡ። ማድያት ካለብዎ የቆዳ ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበትን ይምረጡ፤ ማድያት በአልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በሚታየው ብርሃንም ስለሚባባስ ቀለም የሌለው ሰንስክሪን ያንን ብርሃን በበቂ አያስቆምም። ቀለም ያለው ዓይነት ነጭ ዱቄት የተነፋ የሚያስመስለውንም ችግር ያስቀራል። ለቁጡ ቆዳ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ይሻላል።

መጠኑን ብዙ ሰው ያሳንሰዋል። በሌባ ጣትና በመካከለኛው ጣት ሙሉ ርዝመት ላይ የተዘረጋ መጠን ለፊትና ለአንገት ነው። ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ በፊት ይቀቡ፤ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጃንጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ይጨምሩ፤ ጥምቀትን ሲያከብሩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሚቆሙ ሰዎች ይህ የግድ ነው። ሰንስክሪን መግዛት ካልቻሉ ጃንጥላውን ሳይተዉ ይያዙ።

ደረጃ 5፦ ከመክፈልዎ በፊት ዕቃውን ይመርምሩ

በመጀመሪያ የማብቂያ ቀኑን ያንብቡ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም አይርሱ። ማሸጊያው ላይ 03/2026 የሚል ከሆነ መጋቢት 2018 ዓ.ም. አጋማሽ ካለፈ በኋላ ብዙ አይቆይም ማለት ነው። «2026 ገና ነው» ብሎ ስምንት ዓመት እንደቀረው ማሰብ ያለፈበት ቅባት ያስገዛል። ቀጥሎ ክዳኑ የተከፈተ የጣሳ ሥዕል ይፈልጉ፤ በውስጡ ያለው 6 ወይም 12 ቁጥር ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው። በቅዳሜ ገበያም ሆነ በመንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ሰንስክሪንና ክሬም፣ ቀኑ ባያልፍም፣ አይግዙ፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

ከዚያ የተሠራበትን ነገር ዝርዝር ያንብቡ፤ ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ በስልክ ፎቶ አንሥተው ያጉሉት። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን ወይም ፍሉኦሲኖሎን የሚል ስም ካዩ ዕቃው ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ቀን ሲሰጥ ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ «ፊት የሚያጠራ» ተብሎ ለወራት ሲቀባ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ለስላሳና ብሩህ ካደረገ በኋላ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያሳያል፣ ብጉርና ፀጉር ያወጣል። ሲቆም ደግሞ ፊት ይቃጠላል፤ ባለቤቱም ያለ ክሬሙ መኖር አልችልም ብሎ ወደ ቱቦው ይመለሳል። በየቀኑ የማየው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። የመጀመሪያው ወር ውበት ሰውን ስለሚያሳምን ምክርን ማንም አይሰማም።

ሃይድሮኪኖን የተባለ ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት ያለው ክሬምም ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ራሱ የማይለቅ ሰማያዊ መሰል ጥቁረት ያመጣል። ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ስቴሮይድ በአንድ ቱቦ የተቀላቀሉበት ክሬም ለማድያት በሐኪም የሚታዘዝ ለአጭር ጊዜ የሚሆን መድኃኒት ነው እንጂ የየዕለት የፊት ቅባት አይደለም።

ሜርኩሪ ያለበት ማንጫ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ትነቱም በቤት ውስጥ ላሉ ሕፃናት ይተርፋል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ይከለክላል። ዝርዝሩ ላይ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የተባለው የሜርኩሪ ውሕድ ባይጻፍም እንኳ «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካዩ ይህ የሜርኩሪ ምልክት ነውና ዕቃውን ይመልሱ። ስም፣ አምራችና ዝርዝር በሌለው ብልቃጥ ውስጥ «እኛው የቀመምነው» ተብሎ የሚሸጠውን ቅባት ደግሞ ሻጩ የቅርብ ሰውዎ ቢሆንም አይግዙ።

ደረጃ 6፦ ክንድ ላይ ሳይሞክሩ ፊት ላይ አይቀቡ

አዲሱን ዕቃ የአተር ፍሬ በሚያህል መጠን በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል፣ ከክርን እጥፋት ዝቅ ብሎ፣ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀናት በአንድ ቦታ ይቀቡ። ማጠቢያ ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ አቆይተው ይለቅለቁ። ቦታው ካሳከከ፣ ካበጠ ወይም ከጠቆረ ዕቃው ለእርስዎ አይሆንም። ምንም ካልታየ በመንጋጋዎ ሥር ሦስት ቀን ቀጥለው ይሞክሩና ወደ ሙሉ ፊት ይለፉ።

የሚቀጥለውን ዕቃ የሚጀምሩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኅቴ የዘለለችው ይህን ነው። ሁለት ነገር በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ጉዳት ሲደርስበት ሁለቱንም ይጥላል፤ ጥቅም ሲያገኝም ሁለቱንም ዕድሜ ልኩን ይገዛል።

ደረጃ 7፦ እንደ ችግርዎ አንድ ማከሚያ ብቻ ይጨምሩ

ለብጉር። ለጥቁር ነጠብጣብና ለደፈኑ ቀዳዳዎች ከ0.5% እስከ 2% ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ለሚያብጥ ብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5% ይምረጡ። የ10% ቱቦ ይበልጥ ያደርቃል እንጂ ይበልጥ አያድንም። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የልብስ ቀለም ያነጣልና ነጭ ፎጣና ነጭ የትራስ ልብስ ይጠቀሙ፤ ጥለት ያለውን ነጠላ ከፊትዎ ያርቁ። ሁለቱም ካልሠሩ አዳፓሊን 0.1% ይቀጥላል፦ በደረቀ ፊት ላይ፣ ለሙሉ ፊት የአተር ፍሬ የምታህል፣ በመጀመሪያ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠነኛ መላጥና የብጉር መጨመር ይኖራል፤ ሕመም ካልሆነ አያቁሙ።

ለብጉር ጥላና ለማድያት። ናያሲናማይድ ከ4% እስከ 5% ወይም አዜላይክ አሲድ ከ10% እስከ 20% ያለውን ይጀምሩ። አዜላይክ አሲድ ብጉርንም ጥላውንም ስለሚያክም፣ ከተገኘ፣ ለጠይም ቆዳ ከሁሉ በፊት የምመርጠው እርሱን ነው። ማድያት በሙቀትም ሊባባስ ይችላል፤ ምጣድ ላይ ረጅም ሰዓት የሚቀመጡና ወይባ የሚሞቁ እናቶች ፊታቸውን ከእሳቱ ያርቁ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ለማርገዝ ካሰቡ ወይም ካጠቡ አዳፓሊን፣ ትሬቲኖይን፣ ሬቲኖልና ሃይድሮኪኖን አይቀቡ። አዜላይክ አሲድ በዚህ ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው፤ እሱንም ቢሆን ለሚከታተልዎት ሐኪም ይንገሩ።

ለደረቅና ለቁጡ ቆዳ ማከሚያው መቀነስ ነው። ሽቶ፣ ዝርዝሩ ላይ «ፍራግራንስ» ወይም «ፓርፉም» ተብሎ የሚጻፈውን፣ ያስወግዱ። ችፌ ካለብዎ ከተራ ማለስለሻ በቀር ያለ ሐኪም ምንም አይጨምሩ። ጢም ሲላጩ ነጠብጣብ የሚወጣባቸው ወንዶች ደግሞ ቆዳውን ሳይወጥሩ ፀጉሩ ወደሚበቅልበት አቅጣጫ ይላጩ፤ ከመላጨት በኋላ የሚረጨውን አልኮል ይተዉ፤ ከባሰ ጢማቸውን ለአንድ ወር ያሳድጉ።

ደረጃ 8፦ የጠዋትና የማታውን ቅደም ተከተል ይጠብቁ

ጠዋት፦ መታጠብ፣ ማለስለሻ፣ በመጨረሻ የፀሐይ መከላከያ። ማታ፦ በማጠቢያ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ማከሚያ፣ ከዚያ ማለስለሻ። አዳፓሊን የሚያቃጥልዎት ከሆነ በፊትና በኋላ ማለስለሻ ይቀቡ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና ትሬቲኖይን በአንድ ጊዜ አይደራረቡ፤ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ ያድርጉ።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ ለማታው እጥበት አንድ ጆግ ውኃ ለይተው ያስቀምጡ። ሁለት እጥበት ማድረግ ካልተቻለ የጠዋቱን ይተዉ፤ ሰንስክሪን፣ ላብና አቧራ ይዞ መተኛት ግን አይገባም።

ቆዳ ራሱን የሚያድሰው በ28 ቀናት ገደማ ስለሆነ ከስድስት ሳምንት በፊት አይፍረዱ። ለብጉር 12 ሳምንት ይጠብቁ፤ ለጥቁረት ደግሞ ወራት ያስፈልጋሉ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፎቶ አንሥተው ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩ። በየቀኑ በመስታወት የሚያይ ሰው ለውጡን አያስተውልም፣ ተስፋም ቆርጦ ዕቃውን ይቀይራል።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

ፊትዎ ካቃጠለ፣ ማከሚያውን ያቁሙና ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ። በለብ ያለ ውኃ ታጥበው ለአንድ ሳምንት ተራ ማለስለሻና ጃንጥላ ብቻ ይጠቀሙ። ለማብረድ ብለው እሬት፣ ማር ወይም ሎሚ አይጨምሩ፤ የተጎዳ ቆዳ አዲስ ነገር አይችልም። ሲረጋጋ ማከሚያውን በሳምንት አንድ ማታ ብቻ ይጀምሩ።

ዓይንዎ ወይም ከንፈርዎ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሰንስክሪኑ ዓይን የሚያነድድ ከሆነ ከዓይን ዙሪያ አርቀው ይቀቡ፤ ዚንክ ኦክሳይድ ወዳለው ይቀይሩ። ፊት ላይ እየተንከባለለ የሚነሣ ከሆነ ማለስለሻው ሳይደርቅ ደርበውበታልና አምስት ደቂቃ ይጠብቁ።

ብጉሩን አፍርጠውት ከሆነ በንጹሕ ውኃ አጥበው ቫዝሊን በስሱ ይቀቡና እስኪድን ማከሚያ አያስነኩት።

ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ለወራት ተቀብተው ከነበረና አሁን ካወቁት፣ አይደናገጡ፣ አይደብቁት። አንዱን የሚያነጣ ክሬም በሌላ አይተኩ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ የሚቀንስበትን መንገድ ያወጣልዎታል፤ መቃጠሉ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፣ ግን ያልፋል።

ከ12 ሳምንት በኋላ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ብጉሩ ጥልቅና የሚያምም ሆኖ ጠባሳ እየተወ ከሆነ፣ የቆዳ ሐኪም ያስፈልግዎታል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያዎ የሪፈር ወረቀት ያውጡ። በቀጠሮው ቀን ፊትዎን ሳይቀቡ ይሂዱ፤ የተጠቀሙባቸውን ቱቦዎች ሁሉ፣ ባዶዎቹንና ስም የሌላቸውን ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ከደብተሩና ከፎቶዎቹ ጋር ይዘው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።